ሸሕዲ ሳያነብ

ኃላፊው በሩ ላይ፣ ሁለቱ ቴክኒሻኖች ማሽኑ ፊት፣ እኔ ደግሞ ጥግ ተገፍቶ ካርቶን ከተጫነበት የታላቅ ወንድሜ ወንበር አጠገብ ቆመን ነበር። የወንድሜ የጋሼ አርባ ከወጣ ሳምንቱ ነው።

ጋሼ እስኪታመሙ ድረስ እዚሁ መተማ ዮሐንስ ስልክ ጣቢያ የኤቲኤም ስዊች ያስተካክሉ ነበር፤ የገንዘቡን ሳይሆን ስልክና ዳታ የሚያስተላልፈውን። አንዱን መስመር በውስጡ ለብዙ ቨርቹዋል ትራንክ፣ ማለትም የየራሳቸው ቁጥር ላላቸው ንዑስ መስመሮች፣ ይከፍሉታል። ቁጥሩ በሁለቱም ጫፍ አንድ ካልሆነ አይሠራም። ስለዚህ በሌላው ጫፍ ወዳለው ሸሕዲ ጣቢያ ደውለው «ቁጥሩን አንብብልኝ» ሳይሉ ምንም አይነኩም ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን «ሽማግሌው ዳዊት ማስደገም ጀመሩ» እያሉ ሳቁባቸው።

አሁን የሸሕዲ ጤና ጣቢያ መስመር ከጠፋ ሦስት ቀኑ ነው።

«እትዬ፣ ጋሼ ቁጥሮቹን የመዘገቡበትን ደብተር ይስጡን» አለኝ ኃላፊው።

«ሸሕዲን አስነብባችኋል?»

«ምን ያስነብባል? እዚህ የሞላነው ቁጥር ልክ ነው።»

«ደብተሩን የጻፉት የሳቃችሁባቸው ሰው ናቸው። መጀመሪያ ደውል።»

ኃላፊው በሞባይሉ ደወለ። የሸሕዲው ሰው «ሰባት» ብሎ አነበበ። ማሽኑ ላይ የተሞላው ዘጠኝ ነበር። አንዱ ቴክኒሻን ቀና ሳይል ማስተካከል ጀመረ።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ካርቶኑን መሬት አውርጄ፣ ወንበሩን ማሽኑ ፊት ወደ ቦታው መለስኩና ወጣሁ።