ቀትር ላይ የመለሰልኝ ድምፅ

ሸዋ ሮቢት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተሰጠን ሥልጠና ስለ ቡድን ሥራ ነበር። አሠልጣኙ ከጣርማ በር ማዶ፣ ከደጋ የመጣ ወጣት ሐኪም ነው፤ ሙቀታችን አቃጥሎት በወረቀት ያራግባል። ትምህርቱ ቀላል ነበር፦ አንዱ ትእዛዝ ሲሰጥ ሌላው የሰማውን ጮክ ብሎ ይደግማል፤ ያኔ መሰማቱ ይታወቃል። በአሻንጉሊት ስንለማመድ፣ የጤና ጣቢያችን አንጋፋ ነርስ ከመጋረጃ ጀርባ ተጠርተው ዝም አሉ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ነው የመለሱት። ሳቅንባቸው።

"ቀትር ላይ የጠራሽን ሳታዪ አቤት አይባልም" አሉኝ በኋላ። ቀወት ገጠር ነው ያደጉት። "ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራል። ሰው ያልሆነው ከሁለቴ አያልፍም።"

እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ለእንዲህ ያለ ወሬ ትዕግሥት የለኝም። "እትዬ፣ ደም ሦስተኛውን አይጠብቅም" አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ አንዲት እናት ቀትር ላይ በሰላም ተገላገለችና ደሟ አልቆም አለ። መብራት ጠፍቷል፣ ማራገቢያው ቆሟል፣ ውጭ ቅጠል አይነቃነቅም። በሁለት እጄ ማህፀኗን ይዣለሁ፤ ብለቅ ትሞትብኛለች። "ኦክሲቶሲን፣ አስር ዩኒት" ብዬ ደም ማቆሚያውን መርፌ እንዲያመጡልኝ ተጣራሁ።

"ኦክሲቶሲን፣ አስር ዩኒት" አለ አንድ ድምፅ ከመድኃኒት ክፍሉ፣ ረጋ ብሎ፣ ልክ እንደተማርነው።

ተመስገን ብዬ ጠበቅሁ። የሚመጣ የለም። ደግሜ ጠራሁ፤ ደግሞ መለሰልኝ። ኮቴ ግን አይሰማም። የሴትየዋ ከንፈር ነጣ። ያኔ ከደሙ ይልቅ መልሱን ፈራሁት።

ሦስተኛውን ጮኽኩ። መልስ የለም። እትዬ ከጓሮ እየሮጡ መጡ፣ መድኃኒቱን አምጥተው ወጓት። ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ፤ ተረፈች።

እጃችንን ስንታጠብ ንዴቴ መጣ። "ሦስተኛውን ሲጠብቁ ነው?"

"ኧረ በመጀመሪያውም ተነሥቼ ነበር፣ ልጄ። ከውስጥ ሲመለስልሽ ብሰማ ሰው አለ ብዬ ተውኩት።"

"ውስጥ ማን ነበር?"

የመድኃኒት ክፍሉን ቁልፍ ከጋውናቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ቁልፍ ብቻ ነው ያለን።

ዛሬም የታዘዝኩትን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ ወጣቱ ሐኪም ያስተማረን እውነት ነው። የደገመልኝን ሰው ፊት ካላየሁ ግን ሦስቴ እጣራለሁ።