ቁጥር ስድስትን ራስህ ሞክራት

መምህር ሰዒድ አረፈ አሉኝ። ዛሬ ጠዋት ነው ከሰመራ የተደወለልኝ። «የቱ ሰዒድ?» አልኩ። የማውቀው ሰዒድ አንድ ብቻ ነው፣ ግን ሁለቴ ጠየቅኩ።

ስልኩን ዘግቼ ቴሌግራም ከፈትኩ። ስሙ ሥር ለመጨረሻ ጊዜ ሐሙስ ገብቶ ነበር ይላል። እስካሁን አስር ጊዜ ሳላየው አልቀርም።

ለማታውቁት፦ የወሎ ልጅ ነው፣ ሰመራ ፊዚክስ ያስተምራል። ነበር ለማለት እጄ እምቢ አለኝ። የሰማዩንም የምድሩንም ጥያቄ ለጠየቀው ሁሉ በቴሌግራም ይመልሳል። እኔ አዋሽ ነኝ፣ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ አንድም ቀን ክፍሉ ተቀምጬ አላውቅም።

የተዋወቅነው እዚህ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በነበረ ጊዜ ነው። ልጄ ሃና ቤት አልገባም ብላ ግቢ ፍራሽ ላይ ሰነበተች። «አባዬ፣ ምድር ሁልጊዜ ትዞራለች ትሉ የለ? ታዲያ ለምን አሁን ብቻ ተሰማን? ፍጥነት ጨምራ ነው?» አለችኝ። የሷንም የኔንም ሰባት ጥያቄ ቁጥር ሰጥቼ ላክሁለት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ነው የአስቤዛ ዝርዝር?» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ደወለና ልጅቷን አገናኘኝ አለ።

«ሃኒ፣ ከሚሌ ሰመራ ያለውን ቀጥ ያለ አስፋልት ታውቂዋለሽ? አውቶቡሱ እኩል ሲሄድ የያዝሽው ውሃ ይፈሳል?»

«አይፈስም።»

«ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝስ?»

«ልብሴ ላይ።»

«አየሽ፣ የሚሰማን መሄዱ አይደለም፣ መለወጡ ነው። ምድር እኩል ስለምትዞር አትሰማንም። አሁን ያስደነገጠሽ መዞሯ አይደለም፤ ከታች ተጣብቆ የቆየ ድንጋይ ድንገት መንሸራተቱ ነው።»

«ታዲያ መቼ ይቆማል?»

«አላውቅም።»

ተናደድኩበት። በኋላ ለብቻው «አንድ ነገር ብለህ አታረጋጋልኝም?» አልኩት። «የማላውቀውን ከነገርኳት የማውቀውንም አታምነኝም» አለኝ። ሃና ግን «ይሄ ሰውዬ አይዋሽም» አለች። መሬቱ ጋብ ሲል፣ እኔ ለምኛት እምቢ ያለችኝ ልጅ፣ «አሁን ልግባ?» ብላ እሱን ጠይቃ ፍራሿን ይዛ ቤት ገባች።

ከዚያ በሳምንት አንድ አንድ እያለ እስከ አምስት መለሰልን። ስድስተኛዋ የሃና ናት፦ ጨረቃ ለምን በቀን ትታያለች? ባለፈው «ኧረ ቁጥር ስድስትስ?» ብዬ ነዘነዝኩት። «ቁጥር ስድስትን ራስህ ሞክራት። ብትሳሳት አርምሃለሁ» አለኝ። የሰለቸሁት መስሎኝ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። ለካ ሆስፒታል ተኝቶ ነው የጻፈው። ዛሬ ነው የነገሩኝ።

አሁን ሃና ከትምህርት ቤት ልትመጣ ነው። አንድ፣ ስልኬን ከእጇ ማራቅ። ሁለት፣ ምሳዋን ማብላት። ሦስት፣ መንገር። ሦስትን ሦስቴ ጽፌ ሰረዝኳት። እንደገና ግቢ ወጥታ ፍራሽ ላይ ብትቀመጥብኝስ?

ሰዒዶ፣ ሞከርኳት። ጨረቃ በቀንም ትወጣለች፤ ፀሐይ ስለምታበራባት ብርሃኗ በቀን ለመታየትም ይበቃል። ቀና ብለን ስለማናይ ነው የሚገርመን። እንዲህ ልላት ነው። ለምን ሞተ ካለችኝ ደግሞ አላውቅም እላታለሁ። ይህችን ቃል ካንተ ነው የሰማሁት፣ ታምነኛለች።

አላህ በጀነት ያሳርፍህ ወንድሜ። ስድስትን ልኬልሃለሁ፣ ቴሌግራም አንድ ምልክት ብቻ ነው ያሳየኝ፤ ገና አልተነበበም። ተሳስቼ ከሆነ፣ አርምሃለሁ ብለኸኛል።