ልብስ ሰፊዋና የግንቡ መሠረት

ልብስ ሰፊዋን ሰፈርተኛው «እስቲ ልየው» ይላታል። ስም ያወጡላት በከንቱ አይደለም። ዳቦ ስትገዛ ገልብጣ ታያለች፤ ሐኪም ያዘዘላትን መድኃኒት ሌላ ሐኪም ካልደገመው አትውጥም፤ የገዛ እህቷ ደህና ነኝ ስትላት እንኳ ፊቷን አገላብጣ ሳታይ አታምንም። በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ሊሠራ ነው፣ ሥራውን የሚከታተል ተወካይ ምረጡ ሲባል፣ ለሌላ ሰው እጁን ያወጣ አልነበረም። ጥርጣሬዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ሆነላት።

ነገሩ ለእሷ ጨዋታ አልነበረም። የታናሽ እህቷ ቤት ከሁሉም ዝቅ ብሎ ወንዙ ከሚታጠፍበት ፊት ለፊት ነው ያለው። ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ መስኮቱ ደርሶ፣ ሁለቱን ልጆች ጎረቤት በመሰላል ከጣሪያ ላይ ነው ያወረዳቸው። ግንቡ እዚያ ጋ ከከዳ ሌላው ቢቆም ምን ሊረባ!

ደንቡ ግልጽ ነው፤ መሠረቱ አንድ ሜትር ተኩል ይቆፈራል፣ እሷ አይታ ሳትፈርም ድንጋይ አይገባበትም። ፎርማኑ አፉ ማር ነው። ወንበር ያቀርብላታል፣ ጥላ ያስይዝላታል፣ «እናቴ» ከአፉ አይጠፋም። ይበልጥ ያስጠረጠራት ይሄው አክብሮቱ ነው። የሥራውን የብረት ሜትር ሲያቀብላት ገፋ አድርጋ፣ ሃያ ዓመት የሰፋችበትን የጨርቅ ሜትር ከአንገቷ አወረደችና ጉድጓዱ ውስጥ ገብታ ለካች። ስድስት ሳንቲም ጎደለ። አልፈርምም አለች። ሥራው ሁለት ቀን ቆመ፤ ሰማዩም መጥቆር ጀምሮ ነበር።

በሦስተኛው ቀን መሐንዲሱ መጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት የእሷንና የብረቱን ሜትር ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የእሷ ስድስት ሳንቲም ይረዝማል። ከአገልግሎት ብዛት ተለጥጦ ኖሯል። እንዳታውቅ ያደረጋት ሥራዋ ነው፤ ሰውንም ጨርቁንም በዚያው ሜትር ስለምትለካ ልብሱ ሁሉ ልክክ ይላል፣ ጠበበኝ ሰፋኝ ያላት ደንበኛ የለም። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ፎርማኑ ግን አልሳቀም። «ያጋጥማል፣ እናቴ» ብሎ እስክሪብቶ አቀበላት። ፈርማ አንገቷን ደፍታ ሄደች።

ከሳምንት በኋላ ቁፋሮው እህቷ ቤት ፊት ለፊት ደረሰ። ፎርማኑ የሚፈረመውን ወረቀት ይዞ እስከ ሱቋ መጣ። ዝናቡ ሊቀድመን ነው፣ እርስዎ እዚያ ድረስ ምን ያደክምዎታል አላት። ነገሩ ሸተታት። ግን ያን ቀን ከተዋረደች ወዲህ ጥርጣሬዋንም መጠርጠር ጀምራለች። እስክሪብቶውን ተቀብላ ብዙ ቆየች። በኋላ የስፌት መኪናው ላይ አስቀምጣው ወጣች።

ጉድጓዱ ዳር የቆሙት ገና ሲያዩዋት ተሳሳቁ። እህቷ ክንዷን ያዘቻት።

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ደግመሽ አታዋርጂን። ሥራው ቢቆም ጎርፉ የሚመጣው እኔ ላይ ነው።»

ክንዷን ከእህቷ እጅ አላቀቀች። ሜትርም አልያዘችም፣ ከማንም አልጠየቀችም። ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። የዚያን ጊዜው ጉድጓድ እስከ አገጯ ውጧት ነበር። ይሄኛው ወገቧን አላለፈም።

ሳቁ ቆመ። ፎርማኑ ከሥር ቋጥኝ ስላጋጠመ ነው፣ እንደውም ቋጥኙ ከሲሚንቶ ይጠነክራል እያለ ማስረዳት ያዘ። ጎንበስ ብላ የቆመችበትን በጣቷ ቧጠጠችና የወጣውን እርጥብ አፈር አሳየችው።

«ከፈለጋችሁ ከነሕይወቴ ድንጋዩን ሙሉብኝ» አለች። «እኔ አልወጣም።»

 እህቷ አፈሩን አየች፣ ዞር ብላ የራሷን በር አየች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ ወረደች።