በጥሩ ሁኔታ እየቀዳ ነው

ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «ካሜራ ነው የምሠራው» እላለሁ። ግማሹ ሠርግ የምቀርፅ ይመስለዋል። እኔ የምሠራው ሙሽራ ሳይሆን ሌባ የሚቀረፅበትን ነው። ከቃሊቲ እስከ ቂሊንጦ ባሉ መጋዘኖችና ፋብሪካዎች ላይ ተንጠልጥለው ቁልቁል የሚያፈጡትን ካሜራዎች እሰቅላለሁ፣ የጭነት መኪና ያለበሳቸውን አቧራ እጠርጋለሁ፣ በየወሩም እየዞርኩ መቅዳታቸውን አያለሁ። «አያለሁ» ነው ያልኩት። እንዴት አድርጌ እንደማይ ደግሞ ልንገራችሁ።

እገባለሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ አፈጣለሁ። በሩ ይታያል? ይታያል። መጋዘኑ ይታያል? ይታያል። ውሻው እንኳን ጥላ ስር ተኝቶ ይታያል። አበቃ! ቅጼን አወጣና «በጥሩ ሁኔታ እየቀዳ ነው» በሚለው አንጻር እፈርማለሁ፣ የደንበኛው ማህተም ያርፍበታል፣ ማኪያቶ ይመጣል። ማህተም ያረፈበትን ወረቀት በእኛ አገር ማን ደፍሮ ይጠይቀዋል? መታየትና መቀዳት ለየቅል መሆናቸውን አላውቅም ነበር እንዳልል፣ ሙያውን ለሚጀምር ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን የምሰብከው እሱኑ ነው።

ከደንበኞቼ አንዱ ቃሊቲ ያለ ጀሪካን የሚያመርት ፋብሪካ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት ከወሎ መጥተው በንግድ ራሳቸውን ያቆሙ ሴት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። መጋዘኑን ታናሽ ወንድማቸው በኃላፊነት ይመራዋል። በሩን ደግሞ አባባ ይጠብቃሉ፤ ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሰላምታቸው ብቻ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሽማግሌ ናቸው።

አባባ ሰማያዊ ልባስ ያለው ትልቅ መዝገብ ነበራቸው። ከግቢው የሚወጣ ዕቃ ሁሉ እሱ ላይ ይሰፍራል፣ የሚያወጣውም ሰው ይፈርማል። ማንም ይሁን ማን! እትዬ አንድ ጀሪካን ለቤታቸው ቢወስዱ እንኳ ከመኪናቸው ወርደው ይፈርማሉ። ካሜራዎቹን የሰቀልኩ ዕለት እኔ በዚህ መዝገብ ላይ ሳቅሁ። «እትዬ፣ ይህን ሁሉ ካሜራ አሰቅለው በደብተር? ኧረ ዘመኑ ሌላ ነው!» አልኩ። እትዬም ደስ አላቸው፣ መዝገቡ ስቶር ገባ።

አባባ ግን ደስ አላላቸውም። መሰላሌን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ አቆሙኝ።

«ልጄ፣ እንግዲህ አንድ ነገር ቢጠፋ ማን ይመሰክርልኛል?»

«ካሜራው ነዋ አባባ! ካሜራ አይዋሽ፣ ሰው አይፈራ፣ እንቅልፍ አይወስደው። ከደብተርዎ የበለጠ ምስክር ነው የሰጠሁዎት።»

ትንሽ አሰቡና «እንዲያ ከሆነማ ይባርክህ» አሉኝ። ምርቃቱን በደረቴ ተቀብዬ ሄድኩ።

ይሄ በሰኔ ነው። በሐምሌ እትዬ ደወሉልኝ። «ይህ ዕቃህ ቢሮዬ ውስጥ እንደ ጫጩት ጢጥ ጢጥ እያለ እኮ ሊያሳብደኝ ነው! መጥተህ ዝም አሰኝልኝ።» መጣሁ። መቅጃው ላይ የቢሮዋ ልጅ ዳንቴል አልብሳ፣ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ አስቀምጣበታለች። ዳንቴሉን ገለጥኩና ማውዙን ይዤ ገባሁ፣ «ድምፅ» የሚለውን ፈልጌ አጠፋሁት። ለምን ይጮሃል ብዬ አልጠየቅኩም። ሌላ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነበር፣ ማኪያቶውም ቀርቦ ነበር። እትዬ «እፎይ!» አሉ፣ ዳንቴሉ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እኔም ቅጹ ላይ ፈረምኩ። በጥሩ ሁኔታ እየቀዳ ነው።

ከዚያ በየወሩ እየመጣሁ ቴሌቪዥኑን አይቼ እፈርም ነበር። እስከ መጋቢት።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ደውለው «ቶሎ ና» ብቻ አሉኝ። ታጣፊ መሰላሌን ተሸክሜ ከምኖርበት ቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ተሰልፌ፣ ተጋፍቼ፣ መንገዱ በከባድ መኪና ተዘግቶ ስሳደብ ደረስኩ። አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ጺማቸውን ተላጭተዋል፣ ኮታቸው ተተኩሷል፣ ለበዓል የተዘጋጁ ነው የሚመስሉት።

«እንኳን መጣህልኝ ልጄ! ከስቶር ዲናሞ ጠፍቶ በእኔ ተላከከ። አንተ ብቻ ዓርብን አውጣው። ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምረህ እየው፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ።»

ዲናሞው ለማምረቻው ማሽን መጠባበቂያ የተቀመጠ ትልቅ ሞተር ነው። በሰው ጫንቃ አይወጣም፣ መኪና ይፈልጋል። መኪና ደግሞ አባባ በር ሳይከፍቱለት አይወጣም።

«ታዲያ ማን እንደወሰደው ካዩ ለምን አይነግሯቸውም?» አልኳቸው።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እሱን በእኔ አፍ ማለት ይከብዳል። የሰው ቤተሰብ ማናከስ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! ካሜራው ግን ምን ይሉኝታ አለበት? እሱ ይናገር።»

ከዚያ ፈገግ ብለው «አይዋሽ፣ ሰው አይፈራ ብለኸኝ የለ?» አሉኝ።

ቢሮ ገባን። እትዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ወንድማቸው መስኮቱ ጋ ቆሟል፣ አባባ ኮፍያቸውን ይዘው በር አጠገብ ተቀመጡ። አበባውን አነሳሁ፣ ዳንቴሉን ገለጥኩ፣ ዓርብን ጫንኩ። ባዶ። ሐሙስን። ባዶ። ሰኞን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ የካቲትን፣ ጥርን። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ወደ ኋላ ሄጄ ሄጄ ሐምሌ ላይ ምስል አገኘሁ። የመጨረሻው ምስል እኔው ራሴ ልሆን ምንም አልቀረኝም፤ ድምፁን ላጠፋ ከመጣሁበት ቀን በፊት በነበረው ምሽት ይቆማል።

ክው አልኩ። ዲስክ እንደ ጎተራ ነው፣ ይሞላል። ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ አዲሱን እንዲቀዳ ገና ሲገጠም ማዘዝ ያስፈልጋል። አንዲት ምልክት ማድረግ ናት። እኔ አላደረግኩም። ምስኪኑ መቅጃ «ሞልቻለሁ፣ ድረሱልኝ!» እያለ ነበር ጢጥ ጢጥ የሚለው። አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ ካሜራዎቹ ያያሉ፣ ቴሌቪዥኑ ያሳያል፣ የሚያስታውስ ግን የለም።

«እህ፣ ምን ይላል?» አሉ እትዬ።

በእኛ ሙያ ለሁሉም በሽታ አንድ መድኃኒት አለ፤ ሲያቅትህ «መብራት ነው» ትላለህ። ቃሊቲ ውስጥ በማንኛውም ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር ብትል የሚከራከርህ የለም። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ዓርብ መብራት ጠፍቶ ነበር መሰለኝ እትዬ። አልቀዳም» አልኩ።

ያቺን ውሸት ለራሴ ብቻ የዋሸኋት መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን ግንባራቸውን ቋጠሩ። «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ማን ነው?»

ወንድማቸው ከመስኮቱ ዞሮ አፌን እንኳ ሳልገጥም ቀለበው። «አባባ ናቸዋ! አዩ? አውቀው ነው ያላስነሱት። ካሜራው እንዳይቀዳቸው!»

እትዬ ወደ አባባ ዞሩ። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «አባባ፣ ወላሂ ይህን ከእርስዎ አልጠበቅኩም» አሉ። «ዋስዎ ልጅዎ ናት አይደል? ትጠራ።»

ልጃቸውን አውቃታለሁ። ቱሉ ዲምቱ የእኛው ብሎክ ጎን ነው የምትኖረው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናት፣ ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ስንጠብቅ ወረፋ እንያያዛለን። አባቷ ሲቀጠሩ ዋስ ብላ የፈረመችው እሷ ነች። አሁን «አባትሽ ሌባ ነው» ተብላ ከመሥሪያ ቤቷ ልትጠራ ነው። በማን ምክንያት? በእኔ።

አባባ እትዬን አላዩም፣ ወንድማቸውንም አላዩም። እኔን ነው ያዩት። «ልጄ፣ ዓርብ እኮ መብራት አልጠፋም» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። ልክ የተሳሳትኩትን እንደሚያርሙ፣ አሁን አስታውሼ አስተካክዬ እንደምናገር አምነው ነው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መጀመሪያ ደሜ የፈላው በዚያ ኃላፊ ላይ ነበር። ምን ያፈጥነዋል? ቀጥሎ ግን ገባኝ፣ ድንጋዩን ያቀበልኩት እኮ እኔ ነኝ፤ እሱ የወረወረው የሰጠሁትን ነው። ሽማግሌውን ደብተራቸውን ቀማኋቸው፣ በምትኩ የሰጠኋቸውን ምስክር አፉን ዘጋሁት፣ አሁን ደግሞ በሐሰት መሰከርኩባቸው። ኧረ በስመ አብ! ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

«እትዬ፣ መብራት አልጠፋም» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። መቅጃው ከሐምሌ ጀምሮ አይቀዳም። ያ ጢጥ ጢጥ ሲል የነበረው ለዚያ ነበር።»

እትዬ ተነስተው ፋይል አወጡ። ስምንት ወረቀት፣ ስምንት ማህተም፣ ስምንት የእኔ ፊርማ። የመጀመሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ይሄስ?»

«ሳላይ ነው የፈረምኩት።»

«ይሄኛውስ?»

«እሱንም።»

ሁለቱ ይበቃል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ነጋዴ ናቸው፣ ስምንቱንም አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ስምንት ጊዜ መለስኩ። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት እኔ ነኝ!» አሉ፣ ፋይሉን በኃይል ዘግተው።

ይሄኔ አባባ ተነሱ። ኮፍያቸውን ወንበሩ ላይ አኖሩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ይህ ልጅ ግን በገዛ አፉ ራሱን ካጋለጠ፣ እኔ ሽማግሌው ይሉኝታ ይዞኝ ብቀመጥ ነውር ነው። ዓርብ እርስዎ ለጁምዓ እንደወጡ፣ ዲናሞውን በፒክአፕ ጭኖ የወጣው ወንድምዎ ነው። ‹እትዬ ያውቃሉ› አለኝ። ደብተሩ ቢኖር አስፈርመው ነበር።»

ኃላፊው አፉን ከፈተ፤ እትዬ ቀደሙት። ስለ ዲናሞው አልጠየቁትም።

«አንተ፣ ዓርብ ጁምዓ የት ሰገድኩ ነበር ያልከኝ?»

ወንድማቸው መስኮቱን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ የጓደኛው ወፍጮ ሞተር መቃጠሉን፣ ለጥቂት ቀን አውሶት እንደነበር፣ ሊመልሰው ሲል ነገሩ መክረሩን እየተንተባተበ ተናገረ። የሰረቀ ሰው አይመስልም ነበር፤ ጥፋቱን ለመሸፈን ሽማግሌው ላይ በማላከክ ከእኔ ጋር እንመሳሰላለን።

«ዲናሞው ይቅር፣ ብረት ነው» አሉ እትዬ። ዐይናቸው እንባ ሞላ። «እኚህን አባት ሌባ ስላቸው ቆመህ እያየህ?»

ከሰዓት በኋላ ዲናሞው በሄደበት ፒክአፕ ተመለሰ። እትዬ ለይቅርታ የአባባን ጉልበት ሊነኩ ጎንበስ ሲሉ፣ አባባ «ኧረ ተዪ፣ ልጄ ተዪ!» ብለው በሁለት እጃቸው ያዟቸው። ልጃቸው አልተጠራችም። እኔን ደግሞ እትዬ «አንተ መቅጃውን አስተካክልና ዕቃህን ሰብስብ፣ መዝገቡም ከስቶር ይውጣ» አሉ። ሁለቱንም ባንድ ዐረፍተ ነገር።

ዲስኩን ሞልቶ እንዳይቆም አስተካክዬ፣ ድምፁን መልሼ አብርቼ፣ ያለፉትን አምስት ደቂቃዎች በእርግጥ መቅዳቱን ወደ ኋላ መልሼ አይቼ ወጣሁ። ቅጽ ላይ ማህተም የሚያሳርፍልኝ አልነበረም።

በሩ ላይ አባባ መነጽራቸውን ሰክተው ሰማያዊውን መዝገብ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል፤ የዘጠኝ ወር አቧራውን በእጅጌያቸው ጠርገውታል።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«እግዜር ይቅር ይበልህ። ቦርሳህን ክፈት።»

ከፈትኩ። ዕቃዬን እያዩ ቀስ ብለው ጻፉ፣ ፊደሉን እየቀረፁ። ከኋላዬ ሊገባ የመጣ ከባድ መኪና ጥሩንባውን ያስጮሃል፣ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ እኔ ከዚያ ግቢ እግሬ አውጭኝ ማለት ነው የምፈልገው። ብዕሩን ተቀበልኩና ከታች ያለችውን ባዶ ቦታ ፈልጌ ልፈርም ስል፣ አባባ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ ጫኑ።

«አንብበህ።»

አነበብኩ። ቦርሳ አንድ ይላል፣ ልክ ነው። ፒንሳ አንድ፣ ልክ ነው። መሰላል ሁለት ይላል።

የያዝኩት መሰላል አንድ ነው።

«አባባ፣ መሰላሉ አንድ ነው» አልኩ።

አውቀው ይሁን ተሳስተው እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ሁለቱን ሰርዘው አንድ ጻፉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መዳፋቸውንም ከወረቀቱ ላይ አነሱልኝ።

«በል፣ አሁን ፈርም» አሉኝ።