ጸበል ዳር የጮኸችው እናት

ያን ዕለት ጠዋት ጸበሉ ዳር የነበርነው አጥማቂው ቄስ፣ ታማሚዋ እናት፣ ባሏ፣ ከአይከል የመጣችው የባሏ እኅት፣ አራት ዓመት ያልሞላት ልጃቸውና እኔ ነን። እኔ ከጎንደር ጤና ጣቢያ የምመላለስ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበርኩ። ሙያውን ያገኘሁት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን ሌሎች ሲሠሩ ቆሜ በማየት ነው። ጣሊያን ጥሎት በሄደ የቆዳ ቦርሳ ፋሻና አዮዲን ይዤ፣ ታማሚዎች የሚታሰሩበት ጠፍር የላጠውን አንጓቸውን አጥብ ነበር።

እናቲቱን ያመጧት ሁለተኛ ልጇ ሞቶ ከተወለደ ወዲህ እንቅልፍ አጥታ ስትባዝን ነው። ክረምቱ ሲያልቅ ግን አእምሮዋ ተመልሶላት ነበር። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ የተቀደደ ነጠላዋን ትሰፋለች፣ የልጇ ፀጉር ተሠርቶ እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ቄሱ ግን አልለቀቋትም። በዚያ ጸበል መዳን የሚታወቀው መንፈሱ ጮኾ አገሩን ሲናገር ነው። እሷ ውሃው ሲወርድባት ዐይኗን ጨፍና ዝም ትላለች።

"ደኅና ናት እኮ፣ አባ፤" አልኳቸው አንድ ቀን።

"አንተ ቁስሉን እጠብ፣ ልጄ። ያልለፈለፈ አልወጣም።"

በክፋት አልነበረም። ጸጥ አለች ብለው የለቀቋት አንዲት ሴት ገደል ገብታባቸዋለች።

የባሏ እኅት ደግሞ ቁርጡን ተናግራለች፤ እናቲቱ እስከ መስቀል ካልተለቀቀች ልጅቱን ወደ አይከል ወስዳ ልታሳድግ ነው። በመስቀል ዋዜማ ፋሻዋን ስቀይር ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

"ልጩኽላቸው እንዴ?" አለችው። "ያቺ ከጎኔ የታሰረችው ሴት ከቋራ መጣሁ አለች። እኔ ከየት ልምጣ?"

"ከደምቢያ በይ። መንፈሱ ሲመለስም መንገዱ ሜዳ ነው።"

"ምነው፣ ሌላ አገር ጠፋ? የደምቢያው ወባ ያስይዘኛል!"

ሦስታችንም ሳቅን። እሷን ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

በማግስቱ አክስት ልጅቱን ይዛ መጣች። "እናትሽን እያት፤ ሸጋ ሆናለች፤" አለቻት። ውሃው ወረደ። እናቲቱ በወፍራም ድምፅ "ከደምቢያ ነኝ! ተቃጠልኩ! ልውጣ!" እያለች ጭቃው ላይ ተንከባለለች። ከሚገባው በላይ አሳምራ ጮኸች። ቄሱ "ተመስገን!" ብለው በእጃቸው ፈቷት። ከፀጉሯ ውሃ እየተንጠባጠበ፣ ፊቷ በርቶ፣ ለልጇ እጇን ዘረጋች።

"ነይ፣ እኔ ነኝ።"

"አይደለሽም፤" አለች ልጅቱ፣ የአክስቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ።

አባት ተንበርክኮ "ጨዋታ ነው፣ የኔ ልጅ፤" አላት። ቄሱ ቅርብ ስለነበሩ ድምፁን ከፍ ማድረግ አልቻለም።

"ምነው እመቤቴ፣ ሕፃኗ እኮ እየተንቀጠቀጠች ነው!" አለች አክስት። "እስክትለምድሽ እኔ ዘንድ ትቆይ።" በዚያው ዕለት በማኪና ወሰደቻት።

አልለመደቻትም። ልታያት አይከል ስትሄድ ልጅቱ ጓዳ እንደምትደበቅ፣ አክስቷንም እማዬ እንደምትል እናቲቱ ቅዳሜ ገበያ አግኝታኝ ነገረችኝ። "ዝም ብዬ ብቆይ ይሻለኝ ነበር?" አለችኝ። ቄሱ የሚሰሙትን ሦስታችን አብረን አስበን ነበር፤ ልጅቱ የምትሰማውን ግን ማናችንም አላሰብንም።

የቀረውን በትክክል ልጽፈው ብፈልግም አንድ ነገር ይጎድለኛል። ጩኸቱ ሲጀምር ልጅቱ ከኋላ ሳትሆን ከሁላችንም ፊት፣ ውሃው የሚረጫት ቦታ ነበረች። ማን እንዳቀረባት አላስታውስም። አባ፣ አባትዮው፣ አክስቲቱ፣ ከመካከላችሁ የሚያስታውስ ካለ ይንገረኝ። ያቀረብኳት እኔም ልሆን እችላለሁ።