ያልተጀመረው ዘፈን

ባለፈው ሳምንት ልጄን ከትምህርት ቤት ላመጣት በር ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ ከውስጥ አንድ ተማሪ ፍሬንች ሆርን የሚባለውን የናስ ጥሩንባ ሲያሟሙቅ ሰማሁ። አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ትንፋሹ እስኪያልቅ ይስበዋል።

ልጅ ሆኜ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ ከአክስቴ ጋር እኖር ነበር። እናቴ ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ታድራለች። በተከራየንበት ግቢ ጋሽ መርዕድ የሚባሉ የቀድሞ የወታደር ባንድ ተጫዋች ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ፀሐዩ ሳይከርር ያለማምዱኛል። መጀመሪያ ከንፈራችንን እናርገበግባለን፤ ከዚያ ሆርኑን ይሰጡኛል። ናሱ ከንፈሬ ላይ ይቀዘቅዛል፤ መሣሪያው የሚቀባው ዘይት ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያች ከአንዷ ድምፅ አላለፍንም።

«አትቸኩዪ ልጄ፣ ዘፈኑ የትም አይሄድም» ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ግን፣ «ነገ ኢንሻአላህ ዘፈን እንጀምራለን፤ እንዳታረፍጂ» አሉኝ።

በማግስቱ በራቸው ተቆልፏል። የግቢው ባለቤት ሱዳናዊቷ ሐጃ «ኸላስ፣ ሳፈር» አለችኝ፤ በቃ፣ ሄደ ማለቷ ነው። ካናዳ ሄደዋል። ወረቀታቸው ከመጣ ወር አልፎታል፤ ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብተዋል።

ሮጬ ለአክስቴ ስነግራት ቀና ብላ አላየችኝም።

«ታለቅሳለች፣ እንዳትነግሪያት ብለውኝ ነው» አለች።

አዲስ ተከራይ እስኪገባ ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ከንፈሬን አርገበግብ ነበር። አክስቴ እያየች ታልፋለች።

ልጄ ሆርን ልማር ካለችኝ ወር ሆኗታል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም።