ለአባባ የነገርኩት የሚፍቅ መድኃኒት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም፣ አንድ ዶርም አብራኝ ለምታድረው ጓደኛዬም፣ ለንስሐ አባቴም ቢሆን። ንስሐ አባቴ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርቤ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ትንንሽ ኃጢአት ተናዝዤ ተመልሻለሁ። ስለዚህ እናንተ ታገሡኝና ስሙኝ። እኔ አባቴን ዋሽቻለሁ። የዋሸኋቸው በአንዲት ቃል ነው፤ ቃሏም «አለ» የምትል ናት።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከደብረ ኤልያስ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዜማ ያስተምራሉ፤ ከማስተማር ሲያርፉ ደግሞ የዜማ መጽሐፍ በብራና ይገለብጣሉ። የዜማ መጽሐፍ አይታችሁ ለማታውቁ፣ ቃሉ የሚጻፈው በተራራቁ መስመሮች ነው። ከፊደሎቹ በላይ ባለው ክፍት ቦታ ደቃቅ ምልክቶች ይቀመጣሉ። ድፋት ካለ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ርክርክ ካለ ይርገበገባል፣ ቁርጥ ካለ ይቆማል። ፊደሉ ያው ነው፤ አባባሉን የሚለውጠው ምልክቱ ነው። አባቴ ምልክት ሲሳሳቱ ቀለሙ እስኪደርቅ ይጠብቁና በሰላ ካራ ይፍቁታል፤ ከዚያ እንደገና ይጽፉበታል። ልጅ ሳለሁ ከጎናቸው ተቀምጬ የተፋቀውን ብናኝ እፍ እያልኩ የማጠራው እኔ ነበርኩ።

እኔ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ ሰሞን አባቴን ምግብ አልወርድ አላቸው። መጀመሪያ እንጀራው በውኃ ይወርድ ነበር፤ ቆይቶ አጥሚት ብቻ ሆነ። ከተማ አምጥተናቸው በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ ታዩ። ሐኪሙ የምግብ መውረጃ ቧንቧቸው ላይ ካንሰር እንዳለ፣ በጊዜ እንደተደረሰበትና ቶሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ እንደሚያስፈልግ ነገሩን። ለኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ተያዘ። አባቴ ሁሉንም ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ድምፄሳ?»

ሐኪሙ አልሸነገሏቸውም። ቦታው ድምፅን ለሚያዝዘው ነርቭ ቅርብ ስለሆነ ሊጎዳ እንደሚችል ነገሯቸው። አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

በዚያው ሰሞን የባዮሎጂ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ የምርምር ርእስ አንብበን ክፍል ፊት እንድናቀርብ አዘዙን። ማንም ያልደፈረውን ርእስ አነሣሁ፤ የአር ኤን ኤ ሜቲሌሽን በምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር ውስጥ ያለው ሚና። ለአባቴ ስል ነው ያነሣሁት ብላችሁ ደስ ባለኝ። ይህ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ግማሹ መምህሩ «ጎበዝ» እንዲሉኝ ፈልጌ ነበር።

ቀን ከቀን አነበብኩ። አር ኤን ኤ ማለት በዲ ኤን ኤ የተጻፈውን ትእዛዝ ወደ ሴሉ የሥራ ቦታ የሚያደርስ መልእክት ነው። በመልእክቱ ፊደሎች ላይ ሜቲል የሚባል ደቃቅ ኬሚካላዊ ምልክት ይቀመጣል። ፊደሉ አይለወጥም፤ መልእክቱ ግን በምልክቱ የተነሣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ይቆያል ወይም ቶሎ ይጠፋል። ምልክቱን የሚጽፍ፣ የሚፍቅና የሚያነብ ፕሮቲን አለ። በጨጓራ፣ በጉበት፣ በትልቁ አንጀትና በምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰሮች ውስጥ ይህ ሥርዐት ተዛብቶ ይገኛል፤ መቆም የነበረበት «እደግ» የሚል ትእዛዝ ሳይቆም ይነበባል። ነገሩ ቀላል እንዳልሆነም አነበብኩ። ያው አንዱ ፕሮቲን በአንዱ አካል ካንሰሩን ሲያግዝ በሌላው ሲገታው ይታያል። መድኃኒቱ ገና እየተፈለገ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር በእስክሪብቶ አስምሬበታለሁ። አላወቅሁም ነበር እንዳልል ማስመሪያው እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ አለ።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ቤት ሄድኩ። አባቴ ደጅ ፀሐይ ላይ ብራናቸውን ዘርግተው ነበር።

«እስቲ የኔ ዶክተር፣ ምን እያስተማሩሽ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ገና ሳልጨርስ የሸምበቆ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ይኼማ የእኛው ምልክት ነው እኮ! ፊደሉ ደኅና ነው፣ የሰከረው ጸሐፊው ነው በይኛ!»

«አዎ አባባ፤ የሚጽፍም አለ፣ የሚፍቅም አለ።»

«የሚፍቅ?» አሉና ካራቸውን አየት አደረጉት። «ታዲያ እንዲህ የሚፍቅ መድኃኒት አለ? ያለ ቢላዋ?»

እዚህ ላይ ነው። እዚህ ላይ እኔ «ገና ነው አባባ» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት፤ ምን ይከብዳል? ነገር ግን ፊታቸው በርቶ ነበር፤ ያን ፊት እኔ ነኝ ያበራሁት። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠይቀኝን ሰው ደስ የሚያሰኘውን መልስ ቀድሜ የምፈልግ ሰው ነኝ። «አለ» አልኳቸው።

«መቼ ይደርሳል?»

«በቅርብ።»

አንዲት ቃል ናት ብያችሁ ነበር፤ እነሆ ሁለት ሆኑ።

አባቴ በቀጠሮው ቀን አልሄዱም። እናቴ ብትለምን፣ ብታለቅስ፣ «ልጅሽ የምትማረውን አንቺ ታውቂዋለሽ?» እያሉ አሳፈሯት። እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄ ስመኝ፣ እውነት ነው ይኼ የሚሉት መድኃኒት?» አለችኝ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው እማዬ» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ደኅና ነበር።

ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰባት ሳምንት ሙሉ አባቴ አጥሚት እየጠጡ እኔ የፈጠርኩትን መድኃኒት ጠበቁ። እኔስ ምን አደረግሁ? ምልክቶቹን በቀይና በጥቁር ቀለም የሚያሳይ ቆንጆ ሥዕል አዘጋጀሁ።

ጥምቀት ደረሰ። አባቴ ከስተው ጥምጥማቸው ሰፍቷቸው ነበር፤ ነገር ግን ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ቆመው ሲያዜሙ ድምፃቸው እንደ ድሮው ወጣ። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ በደስታም በፍርሃትም እልል አልኩ።

በሳምንቱ ክፍል ፊት ቆምኩ። ሰሌዳው ላይ ፊደል ጻፍኩና ከላዩ ድፋትና ርክርክ አስቀመጥኩ። ከዚያ ስለ ካንሰሩ አስረዳሁ። ተማሪው አጨበጨበ። መምህሩ እጃቸውን አነሡ።

«ይህን ምልክት የሚፍቅ መድኃኒት ዛሬ ለካንሰር ሕመምተኛ ይሰጣል?»

«አይ መምህር፤ ገና በምርምር ላይ ነው። ለሕመምተኛ እንደ ተስፋ መናገር አይገባም» አልኩ።

«በጣም ጥሩ! ጥንቃቄሽን ወድጄዋለሁ» አሉኝ።

ለመምህሬ እውነቱን ተናገርኩ። አባቴን ዋሸሁ። ለውጤት የሚሆን ጥንቃቄ ነበረኝ፤ ለአባቴ ጉሮሮ የሚሆን ግን አልነበረኝም። ከዚያ ወዲያ ያቀረቡትን ልጆች አንድም አልሰማሁም።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ቤት ገባሁ። መንገድ ላይ የምናገረውን አሥር ጊዜ ተለማምጄው ነበር። አባቴ ፊት ስቆም ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ሐኪሞቹ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናው ይቅደም፣ መድኃኒቱ ኋላ ይደርሳል ብለዋል» አልኳቸው። ውሸቴን በውሸት ጠገንኩት። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዐይኔን አዩኝ። ከዚያ «እንግዲያው እንሂዳ» አሉ።

ቀዶ ሕክምናው በጎ ሆነ። ሐኪሙ ዕጢው ትንሽ እንዳደገ፣ ቢሆንም ሙሉ በሙሉ እንደወጣ ነገሩን። አባቴ ዛሬ አሉ። ትንሽ ትንሽ እያሉ ይበላሉ፤ ጥምጥማቸው ሊመጥናቸው ነው። ቤታችን ደስታ አለ፤ ይህን ስጽፍ እኔም ደስተኛ ነኝ፤ መደበቅ አልፈልግም። ድምፃቸው ግን ሻክሮ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። እርሳቸው ምልክቱን በዘንግ ሲያመለክቱ ተማሪዎቹ ያዜማሉ። «ድሮ ስጮህ የማይሰሙኝ፣ ዛሬ ስንሾካሾክ ጆሯቸውን ያቆማሉ» እያሉ ይስቃሉ።

ሐኪሙ በጊዜው ቢመጡም ድምፁ ሊጎዳ ይችል ነበር ብለዋል። የሰፈራችን ሰዎች ደግሞ ያ ጥምቀት ለመሪጌታ የተሰጠ ጸጋ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሁለቱንም ሰበብ አላደርግም። ያን ዜማ እኔ አልሰጠኋቸውም፤ እኔ የወሰድኩት ሰባት ሳምንት ነው። ዕጢው ያደገው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ቢብስስ ኖሮ?

አንዳንዴ «ያ መድኃኒት ደረሰ እንዴ ዶክተር?» ይሉኛል፤ ይስቃሉም። እንደሚያውቁ እጠረጥራለሁ። የእርሳቸው ማወቅ ግን እኔን ከመናገር አያድነኝም።

ስለዚህ ይህን ወረቀት ቅዳሜ ይዤላቸው እሄዳለሁ። መስመሮቹን አራርቄ ጽፌዋለሁ፤ አባባ ብዕር ሳይዙ ማንበብ አይሆንላቸውም። ከቃሉ በላይ ያሻቸውን ምልክት ያስቀምጡ፤ ድምፄ የት ዝቅ እንዲል፣ የት እንዲቆም ያሳዩኝ፤ በፊታቸው እንደዚያው አነበዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናቸዋለሁ፤ ካራቸውን እንዳያነሡልኝ።

አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። «አለ» ብያለሁ። አልነበረም።